የውቤ በረሃ ገብስ

ፒያሳ ፈረሰች ብለው የሚያላዝኑ ሰዎች ይሰለቹኛል። ግማሾቹ ቆማ ሳለች ማኪያቷቸውን ጠጥተው፣ ወርቃቸውን ገዝተው ሽው የሚሉ ነበሩ። እኔ ኖሬባታለሁ። ጣሪያዋ ሲያፈስ እኔ ላይ ነው ያፈሰሰው፤ ሽንት ቤቷ ሲሞላ ተሰልፌ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስትፈርስ ማልቀስም አለማልቀስም መብቴ ነበር፤ አላለቀስኩም። ዛሬ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ዳር ከተማ ነው። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፣ ጎረቤቱ ሰላምታ አያውቅም፣ ግን አያፈስም። ወደ አራዳ የምመጣው መድኃኒቴን ለመውሰድ ብቻ ነው፤ ወስጄ እመለሳለሁ።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ስወጣ፣ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ጥግ አንዲት ሴት ባንድ ዓይኗ ከሰሏን፣ ባንድ ዓይኗ ደንብ አስከባሪውን እያየች በቆሎ ትጠብሳለች። በቆሎው ለጋ ነው። የለጋ እህል ወተት እሳት ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ሰው ሁሉ ምራቁን ይውጣል፣ እኔን ግን የድሮ ነገር ያስታውሰኛል። ቆምኩ። ቀና ስል ከአስፋልቱ ማዶ፣ ድሮ የኖርንበት ግቢ በነበረበት ቦታ በተዘረጋው ሣር ፊት፣ ከዘራ የያዘች ፀጉረ ነጭ ሴት ቆማለች። ፊቷን አላየሁም። ግራ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ መሬቱ ላይ የተጻፈ ነገር የምታነብ ትመስላለች። እንዲህ የሚቆም ሰው በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው። ወይዘሪት ሮማን ናት። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፤ በልቤ ግን ያኔም ዛሬም እሷ ናት።

ለዚህች ሴት የምነግራት ነገር ነበረኝ። እዚያው መሬት ላይ አንድ ጥያቄ ዘርታ፣ መልሱን ሳታጭድ ነው የሄደችው። መልሱ እኔ ዘንድ ነው። ጉልበቴ የድሮው ቢሆን እሮጥ ነበር፤ አሁን ግን የእግረኛው መብራት ቀይ ነው፣ መኪናው አያባራም፣ ከፊቴ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር «ሄደች» እላለሁ፤ አውቶቡሱ ሲያልፍ አለች። እዚያው ቆሜ በዓይኔ ያዝኳት።

ያኔ እኔ ሽፈራው ማለት ጎማ በረባሶ ያጠለቀ፣ ሰልባጅ ካኪ ካፖርት የለበሰ፣ ከመንዝ የመጣ ደረቅ ዘበኛ ነበር። ፒያሳ ላይ ጎረምሳው ሁሉ ሱሪው ከታች እንደ ደወል የሰፋ፣ ፀጉሩ ጎፈሬ ነው። ሴቶቹ የጡብ ያህል ተረከዝ ላይ ቆመው ያንን ዳገት እንዴት እንደሚወርዱት እግዜር ነው የሚያውቀው። ማኪያቶ በሽልንግ ባንኮኒው ላይ ክንድህን ደግፈህ ትጠጣለህ፤ ከተቀመጥክ ዋጋው ይጨምራል፣ ስለዚህ አራዳ ሁሉ ቋሚ ነበር። ከሙዚቃ ቤቱ በር ላይ የተንጠለጠለው ድምፅ ማጉያ አንድን ዘፈን ጠዋት ከጀመረ ማታ ነው የሚለቀው። የውቤ በረሃ ቡና ቤቶች ግን ገሚሶቹ ተዘግተው፣ ገሚሶቹ በራቸውን ገርበብ አድርገው ነው የሚሠሩት። ጊዜው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ጊዜ ነበር። ለምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል፣ ላላየ ብነግረውም አይገባውም።

ወይዘሪት ሮማን የምትሠራው የእህል ዘር የሚመረምር መሥሪያ ቤት ነበር። ትልቁ የአባቷ ቤት ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ለእሷ ሁለት ክፍልና ጓሮው ቀርቶላታል። እኔና ባለቤቴ ጥሩነሽ በሩ አጠገብ ያለችው ክፍል ውስጥ ነን፤ ዘበኛም ነኝ፣ ቆፋሪም ነኝ። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ መሬት ብትጠይቅ አለቃዋ ከለከላት። በዚህ ምክንያት ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ከጠጅ ቤት አጥር ሥር፣ አዲስ አበባ እምብርት ላይ ገብስ ዘራች። የሰፈሩ ሰው መሳቂያ አደረገን። «ሽፈራው፣ በሬዎቹስ መቼ ይመጣሉ? ታክሲ ነው የምትጠምዱት?» ይሉኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋግ የሚባለውን በሽታ ያላየ አይገባውም። ቅጠሉ ላይ የሸክላ ትቢያ የመሰለ ነገር ይወጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ማሳው ይነዳል፣ ዛላው ውስጥ ገለባ ብቻ ይቀራል። አባቴን ማሳው መሃል ተቀምጦ ያየሁት ዋግ በመታን ዓመት ነው፤ ከዚያ ነው አዲስ አበባ የገባሁት። ወይዘሪት ሮማን ከደጋ ያመጣችው አንድ ያረጀ የገብስ ዘር ነበር፤ ቡቃያው ገና ከመሬት ብቅ ሲል እግሩ፣ ማለት የአገዳው ሥር፣ ቀይ ነው። ገበሬው «ቀይ እግር ዋግ አይደፍረውም» ይላል። አለቃዋ «የገበሬ ተረት» አለ። እሷ ግን ተረት ይሁን አይሁን ልታይ ፈለገች። እውነት ከሆነ ገበሬ ዋግ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ቡቃያውን በእግሩ አይቶ፣ ቀዩን አስቀርቶ አረንጓዴውን መንቀል ነው።

ክሮሞሶም የሚባለውን ነገር ያስረዳችኝ ወርቅ ቤት መስኮት ፊት አቁማ ነው። ፍግ አሸክማኝ ስንመለስ ነበር፣ መሽተቴን ረስታዋለች።

«ሁለቱን ሐብሎች አየሃቸው?» አለችኝ። «እያንዳንዱ የገብስ ፍሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥንድ ጥንድ ሐብል አለ፤ ክሮሞሶም እንለዋለን። ዶቃዎቹ የእህሉ ጠባይ ናቸው። አንዱ ቀለሙን፣ አንዱ ቁመቱን፣ አንዱ በሽታ መቋቋሙን ይወስናል። ገብሱ ዘር ሲሠራ ሁለቱ ሐብሎች ጎን ለጎን ይተኙና አንድ ቦታ ላይ ተበጥሰው፣ የአንዱ ራስ ከሌላው ጭራ ጋር ይቀጠላል።»

«ማነው የሚበጥሳቸው?»

«ራሳቸው።»

«ወርቅ ሠሪው ዝም ብሎ ያያል?»

ሳቀች። «ስማኝ። እዚህ ጫፍና እዚያ ጫፍ ያሉ ዶቃዎች የትም ቦታ ቢበጠስ ይለያያሉ። ጎን ለጎን ያሉት ግን የሚለያዩት ልክ በመካከላቸው ከተበጠሰ ነው። ስለዚህ ስንት ጊዜ እንደተለያዩ ብቆጥር ምን ያህል እንደሚራራቁ አውቃለሁ። ሐብሉን ሳላየው ካርታውን እሥላለሁ። ቀይ እግርና ዋግ አለመፍራት ጎን ለጎን ያሉ ዶቃዎች ናቸው ወይስ አይደሉም? ጥያቄዬ ይኸው ብቻ ነው።»

ባለ ወርቅ ቤቱ ብቅ ብሎ ፍጉንም እኛንም አየና «ትገባላችሁ ወይስ መስታወቱን ነው የምትገዙት?» አለን።

ቀይ እግሩን ጤነኛ ገብስ ከአረንጓዴ እግሩ በሽተኛ ጋር አዳቀለችው። በወረንጦ የአንዱን አበባ ወንዴ ትነቅላለች፣ የሌላውን ብናኝ ትነሰንሳለች፤ ጥሩነሽ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥላትን ወረንጦ ተውሳ። ዲቃላውን ደግሞ መልሳ ከበሽተኛው ዘር ጋር አዳቀለችው፤ ድብቁ ሁሉ የሚወጣው እንዲህ ሲደረግ ነው አለች። ይህን የሰማች ጎረቤታችን ጠላ ሻጯ አማተበች። «ዲቃላን መልሶ ከእናቱ ጋር? ገብስ የንስሐ አባት ስለሌለው ነው የደፈረችው» አለች።

ከዚህ የሚወጣው አራት ዓይነት ነው። ቀይ ጤነኛ፣ አረንጓዴ በሽተኛ፤ እነዚህ እንደ አያቶቻቸው ናቸው። ቀይ በሽተኛ፣ አረንጓዴ ጤነኛ፤ እነዚህ ሐብሉ የተበጠሰባቸው ናቸው። ሁለቱ ጠባዮች የማይተዋወቁ ከሆነ አራቱም ዓይነት እኩል እኩል ይመጣል። የተጎራበቱ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ጓሮውን ይሞሉታል፣ የኋለኞቹ ብርቅ ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ቡቃያ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ምልክት አደረገች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፤ ከሰዓት ከሰዓት ቀበሌ አዳራሽ እየሄድኩ፣ ድምፁ ገና ያልጎረነነ ተማሪ በእንጨት እየጠቆመ ሀ ሁ አስብሎኛል። ያነበብኩት ግን እዚያ አይደለም። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ቀይ» ነው፣ ቀጥሎ «እግር»፣ ቀጥሎ «በሽተኛ»። ከቆርቆሮ ላይ፣ ተንበርክኬ።

ከዚያ ሆን ብላ ዋጉን አመጣችው። በጠርሙስ የያዘችውን የዋግ ትቢያ ውሃ ላይ በጥብጣ፣ ጠዋት ጠዋት ቡቃያው ላይ ታስረጨኛለች። እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ አባቴን የገደለ ነገር ነው። ሰፈሩ «በሽታ ትዘራለች» ማለት ጀመረ፤ ያኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ብቻ ዋጉ ያዘ። አረንጓዴ እግሮቹ ነደዱ። ቀዮቹ ቆሙ። ቀይ ሆኖ የታመመ አንድ እንኳ የለም። አረንጓዴ ሆነው ጤነኛ የወጡ ግን አራት ነበሩ። አራት ብቻ፣ ጓሮው ጥግ፣ ንጹሕ ቅጠል።

አለቃዋ ይህን ሰምቶ ሊያይ መጣ። ሳፋሪ ለብሷል፣ ጫማው ያበራል። በጫማው ጫፍ እየጠቆመ «እነዚህ ምንድን ናቸው?» አላት።

«አረንጓዴ እግር ሆነው ዋግ ያልያዛቸው።»

«እንግዲያው አረንጓዴም ጤነኛ ይሆናል። ሐብልሽ ተበጥሷል።»

«ቢበጠስ ቀይ በሽተኛም ይወጣ ነበር። አንድም የለም። እነዚህ አምልጠው ነው፤ ጥግ ላይ ስለሆኑ ዋጉ በደንብ አላገኛቸውም።»

«አምልጠው ነው በሚባል ነገር ለገበሬ ዘር አይታደልም።»

«ፍሬያቸውን መልሼ እዘራዋለሁ። የታመመ ከወጣ አምልጠው ነበር ማለት ነው፤ ቀይ እግርና ጤንነት አይለያዩም። ጤነኛ ከወጣ እኔ ተሳስቻለሁ።»

አሰበ። «የነዚህን የአራቱን ፍሬ በእጅሽ ይዘሽ ነይ፣ የሚዘራበት መሬት እፈርምልሻለሁ። ከሌለ ግን ቆላ፣ የጥጥ እርሻው ሰው ይፈልጋል። ይህን ጓሮም ያኔ ለአትክልት እንሰጠዋለን» አለ።

እንግዲህ የሴትዮዋ ዕድል አራት አገዳ ላይ ተንጠለጠለ። ወፍ እንዳይነካቸው በሻሽ ጠቀለለቻቸው። እኔ ካፖርቴን ደርቤ ጠዋት ማታ አጠገባቸው ነኝ። ቀዮቹ ቀድመው ደርቀው ታጨዱ፣ በሽተኞቹ ገለባ ሆኑ። እነዚያ አራቱ ግን ዘግይተው ነበርና ገና ለጋ ነበሩ። በዚያ ጥቅምት አራዳ ውስጥ የገብስ እሸት የነበረው እዚያ ብቻ ነው።

ጥሩነሽም ነፍሰ ጡር ነበረች።

ሁለት ጊዜ ወርዶባታል። ሦስተኛው እዚህ ስለደረሰ እናቷ እማማ ዘነቡ ከመንዝ መጥተው አብረውን ተቀምጠዋል። ጥሩነሽ ከክፍላችን በር ላይ ስትቀመጥ ፊት ለፊቷ የሚታየው ያ ሻሽ ነው። አንድ ጠዋት «ሽፌ» አለችኝ፣ «አንዲት ዛላ።»

«አይሆንም።»

«አንዲት። ለብ አድርጌ።»

«ሽምብራ እሸት ላምጣልሽ።»

አትክልት ተራ ሄጄ አመጣሁላት። ሽታው ብቻ አስመለሳት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም፤ ምግብ ተወች። ነፍሰ ጡር አምሯት የተከለከለች እንደሆነ ሽሉ ይወርዳል ይባላል፤ ባይወርድም ገላው ላይ ምልክት ይዞ ይወጣል። አምን ነበር ወይ? አላውቅም። የሚያምን ሰው እንደሚፈራ እፈራ ነበር። እማማ ዘነቡ አላረፉም። «ሰው ዘበኛ ሲሆን ልቡም አጥር ያበቅላል?» ይሉኛል። «ሁለቱን በነዚህ እጆቼ ነው የቀበርኳቸው። ሦስተኛውን አንተ ቅበረው።»

አንድ ማለዳ ጥሩነሽ ጥቂት ደም አየች። እማማ ዘነቡ ማጭዳቸውን አንስተው ወደ ጓሮው ሄዱ። ሮጬ ፊታቸው ቆምኩ። አማቴ ናቸው፤ እጃቸውን ልይዝ አልችልም፣ ላሳልፋቸውም አልችልም። ጥሩነሽ በሩን ተደግፋ ታየናለች። «ዞር በል» አሉኝ። «አልልም» አልኳቸው። እንዲህ እያለን ወይዘሪት ሮማን ጥርሷን እየፋቀች ወጣች።

«ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል» አልኩ።

«ልጄ አምሯታል» አሉ እማማ ዘነቡ። «የርስዎ ገብስ። ዛሬ ደም አየች። እርስዎ ሴት ነዎት፣ ይፍረዱ።»

ጥሩነሽን አየቻት። ሻሹን አየች። ከዚያ ፊቷን አዙራ ገባች፣ በሩንም ገፋችው። እማማ ዘነቡ ማጭዱ ከእጃቸው ወደቀ። በልቤ «ደግ አደረገች» አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ጠላኋት። መቀስ ይዛ ወጣች።

«ማጭድ ሥሩን ያናጋዋል» አለች። ተንበርክካ ሻሹን ፈታች፣ ከየአገዳው አንዳንድ ዛላ ቆረጠችና ለእማማ ዘነቡ ነጠላ ላይ አስቀመጠች። «ወይዘሪት ሮማን፣ ይተዉት፣ ያልፍላታል» ብላት ቀና ብላ አላየችኝም። «ካላለፈላትስ?» አለች።

በማግስቱ ጥሩነሽ ደግሞ አማራት። አሁንም ቆረጠች። በሦስተኛው ጠዋት ራሷ ሳትጠየቅ መጣች፤ የመጨረሻዎቹን ዛላዎች ቆረጠች። ሲያልቅ ሻሹ ብቻ ቀረ፤ አጥባ ገመድ ላይ አሰጣችው።

አለቃው ሲመጣ ጓሮው ባዶ ነው። «ፍሬው የታለ?» አለ።

«ተበላ።»

«ወፍ?»

«ነፍሰ ጡር።»

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እሱ ነው ያናደደኝ፣ እንደ ቀልድ ነው የሳቀው። ሻንጣዋን ይዛ ከአውቶቡስ ተራ የሸኘኋት ገና ጥሩነሽ ሳትወልድ ነው። መስኮቱ ላይ ሆና ያለችኝ አንድ ነገር ነው፦ «አምልጠው ነበር ወይስ አልነበረም፤ ከእንግዲህ ማንም አያውቅም ሽፈራው።»

ልጅ ተወለደች፣ ደህና። ጥሩነሽ «ሮማን እንበላት» አለች። እምቢ አልኩ፤ በጠራኋት ቁጥር ያ ሻሽ እንዲታየኝ አልፈለግኩም። ትርሲት አልናት።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ለአማቴ ወንድም ልቅሶ መንዝ ሄድኩ። ያ ዓመት የዋግ ዓመት ነው፤ የመንደሩ ማሳ ሁሉ ቡናማ ሆኗል። እማማ ዘነቡ ከለቅሶው ድንኳን በእጄ ስበው አወጡኝና ወደ ጓሯቸው ወሰዱኝ። ሁለት መስመር ገብስ አለ። አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ነዷል።

«ይኼ የሴትዮዋ ነው» አሉኝ። «የቆመው ቀዩ ሲወቃ ከአውድማው የለቀምኩት ነው። የነደደው ጥሩነሽ የበላችው ነው።»

«እሸቱን? እሸት ዘር ይሆናል?»

«ጠንከር ያለው፣ ጥርስ የሚይዘው ይበቅላል። ከመጠበሴ በፊት ከየዛላው ጥቂት ጥቂት ፍሬ አስቀርቻለሁ። ጭስ ላይ አደረቅኩት።» እንደ ሞኝ አዩኝ። «ዘሩን ጨርሶ የሚበላ ማን አለ? ልማድ ነው።»

ተንበርክኬ እግሩን ገለጥኩ። የነደደው ሁሉ አረንጓዴ እግር ነው። የቆመው ቀይ ነው፤ በመካከሉ አንዳንድ አረንጓዴ እግር የያዙ ወጥተዋል፣ እነሱም ነደዋል። የአባቴ አገር ማሳ እየነደደ እኔ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። ከነሥሩ ነቅዬ፣ ቀዩንና አረንጓዴውን በጆንያ ጠቅልዬ፣ ከጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ መጣሁ። በቀጥታ መሥሪያ ቤቷ ሄድኩ። በር ላይ እንደ እኔው ዘበኛ ነው ያቆመኝ። አለቃው ሲወጣ ጠብቄ ጆንያውን ፈታሁለት። «የወይዘሪት ሮማን ገብስ ነው፤ አምልጠው ነበር» አልኩት። ጆንያውንም እኔንም አየ፣ «ዋግ ይዘህ ከተማ ትገባለህ? አቃጥለው» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። እሷን ጠየቅኩ፤ ከቆላውም ወጥታለች፣ ወደ የት እንደሆነ የሚናገር የለም። ያኔ ሰው ወጣ ከተባለ ደግሞ አይጠየቅም። ከዚያ ወዲህ ጥሩነሽ ሞተች፣ እማማ ዘነቡ ሞቱ፣ ጓሮው ጎመን ሆነ፣ ጎመኑ ጋራዥ ሆነ፣ ጋራዡ ሣር ሆነ። መልሱን የያዝኩት እኔ ብቻ ቀረሁ።

መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ተሻገርኩ።

«ወይዘሪት ሮማን።»

ዞር አለች። «ወይዘሪት የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆየሁ» ብላ ትኩር አለች። «ሽፈራው? አልሞትክም?»

«ለእሱም ወረፋ አለው።»

«ምላስህ አላረጀችም።» ከዘራዋን አዛውራ እጄን ያዘችኝ። የእህቷ ልጅ መኪና ሊያመጣ ሄዷል፣ እዚህ ማቆም ስለማይፈቀድ እንደመጣ እገባለሁ አለች። ለሐኪም ነው የመጣችው፤ ነገ ወደምትኖርበት ወደ አዋሳ ትመለሳለች። «ባለቤትህስ?» አለችኝ።

«አረፈች።»

«ልጁስ? ተወለደ?»

«ሴት ናት። ሁለት ልጆች ወልዳለች። ደህና ናት፣ አፏ ብቻ ነው የማያርፈው።»

«ካንተ ነዋ።» ሣሩን አየች። «ሰጥቼ አልተጸጸትኩም፣ ይህን እወቅልኝ። ግን አንዳንዴ ተኝቼ እነዚያ አራቱ ይመጡብኛል። አሁንማ ከቅጠል ቁራሽ በማሽን ያዩታል፣ ያኔ ስንት ክረምት የፈጀብኝን። ምን ዋጋ አለው፣ የሚታየው ዘር ከሌለ።»

«አምልጠው ነበር» አልኳት።

«ምን አልክ?»

«አራቱ። ተዘርተው ነደዱ። አማቴ ዘር አስቀርተው ኖሯል፤ መንዝ ዘሩት። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ፊቷ ደነደነ። አላመነችኝም፤ ደስ ሊያሰኘኝ ፈልጎ ነው ብላ ይሆናል። እንደ ፖሊስ ትጠይቀኝ ጀመር።

«እግራቸው?»

«አረንጓዴ።»

«ዋግ መሆኑን በምን አወቅክ?»

«አባቴን የገደለው እሱ ነው። ደግሞ እርስዎ ነዎት ሲያስረጩኝ የከረሙት።»

«አጠገባቸው ቀይ ነበር?»

«ነበር። ቆሞ ነበር። ከቀዩ ዘር መካከል አረንጓዴ ይዘው የወጡም ነበሩ፤ እነሱም ነደዱ።»

ከዘራዋን በሁለት እጇ ጨበጠች። «ቀዩ ዲቃላ ስለነበር አረንጓዴም መውለድ ነበረበት፤ እሱን ማንም አልነገረህም» አለች ቀስ ብላ። «እሱን ፈጥረህ ልትነግረኝ አትችልም።»

«ፈልጌዎት ነበር። ጆንያ ተሸክሜ።»

መኪናው መጣ፤ የእህቷ ልጅ ጡሩምባ ነፋ፣ ከኋላው ሚኒባስ ነፋ፣ ትራፊኩ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተ። ደግፌ አስገባኋት። «የአማቴ ዘመዶች ቀይ እግሩን ዛሬም ይዘሩታል፤ አረንጓዴ የወጣውን በቡቃያው ይነቅሉታል» አልኳት፤ የሰማችኝ አልመሰለኝም። በሩን ዘጋሁት። መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ወዲያው ቆመ። መስታወቱ ወረደ።

«ሽፈራው፤ አማትህ ዘሩን የያዙት ከአንዱ አገዳ ብቻ ከሆነ ስለ ሦስቱ አላወቅንም። ከአንዱ ነው?»

«ከየዛላው ነው።»

«ከአራቱም?»

ሚኒባሱ ይነፋል። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «አባባ፣ ፍቅሩን በስልክ ጨርሱት» ይላል።

«ከአራቱም» አልኳት።

ብዙ ቆሞ የዋለ ሰው ወንበር ሲያገኝ እንደሚቀመጠው ተደግፋ ተቀመጠች። መስታወቱን ሳትዘጋው ሄዱ።